ያረጀ የእጅ ስልክን በሌላ ሥርዓት ስለ ማስነሣት

በብዙ ቤት፣ በቁም ሣጥን መሳቢያ ውስጥ አንድ ወይም ሁለት የእጅ ስልክ ተኝቶ ይገኛል። አካሉ አልተሰበረም፤ መስተዋቱም አልተሰነጠቀም፤ ባትሪውም ገና ኀይል ይይዛል። ነገር ግን አዲሱን ፕሮግራም አልቀበልም ስላለ፣ ወይም አንዲት መልእክት ለመክፈት ብዙ የሚያስጠብቅ ስለ ሆነ፣ ባለቤቱ «አርጅቷል» ብሎ አስቀምጦታል። በእኛ በአቃቂ ቃሊቲ ወጣቶች ይህን ዓይነቱን ስልክ ከመሳቢያው እያወጡ፣ ፋብሪካው የጫነበትን ሥርዓት አጥፍተው ሌላ ሥርዓት መጫን ከጀመሩ ቈይተዋል። ወላጆችም ነገሩ ይጠቅም ወይም ይጐዳ እንደ ሆነ ደጋግመው ስለ ጠየቁን፣ በዚህ ወር ዓምዳችን የምናውቀውን ለመጻፍ አሰብን።

ስልክ አካልና መሪ ሥርዓት አለው። አካሉ መስተዋቱ፣ ባትሪው፣ ካሜራውና የመሳሰለው ነው፤ መሪው ሥርዓት ደግሞ ይህን አካል ሁሉ የሚያዝዘውና ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሚባለው ነው። በአገራችን ካሉት ስማርት ስልኮች የሚበዙት በአንድሮይድ ይመራሉ። የአንድሮይድ መሠረት ማንም እንዲያነበውና እንዲያሻሽለው የተፈቀደ ስለ ሆነ፣ እያንዳንዱ ፋብሪካ ይህን መሠረት ወስዶ ለራሱ ስልክ እንዲስማማ አድርጎ ይጭነዋል። ከሸጠውም በኋላ ለጥቂት ጊዜ ማሻሻያ ይልክለትና ያቆማል። ጉግል ከ2023፣ ሳምሰንግም ከ2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ ላወጧቸው ለአንዳንድ ውድ ስልኮች የ7 ዓመት ማሻሻያ ተስፋ ሰጥተዋል፤ በየቤታችን የሚገኘው ርካሹ ወይም ያገለገለው ስልክ ግን ይህን ያህል ዕድሜ አላገኘም። ማሻሻያው ሲቆም አካሉ ደኅና ሆኖ ሳለ ሥርዓቱ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ሌባ ሊገባባቸው የሚችሉት ቀዳዳዎችም ሳይደፈኑ ይኖራሉ።

ይህን ጉድለት ለመሙላት በልዩ ልዩ አገር የሚኖሩ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2009 ሳያኖጅንሞድ በተባለ ሥርዓት ዙሪያ መሰብሰብ ጀመሩ። እርሱም በ2016 መጨረሻ ሲዘጋ ሥራውን የቀጠለው ሊኒጅ ኦኤስ የሚባለው ነው። እነዚህ ሰዎች የአንድሮይድን መሠረት ወስደው፣ ፋብሪካው ለተዋቸው ስልኮች እንዲስማማ አድርገው ያለ ዋጋ ያድላሉ።

ይህ ሙያ የባዕድ ልጆች ጨዋታ ብቻ ነው ብሎ ማቃለል ተገቢ አይመስለንም። ፊደላችን በዓለም አቀፉ የኮምፒውተር ፊደላት መዝገብ፣ በዩኒኮድ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ይሁን እንጂ ከዚያ በኋላ እንኳ ከመጀመሪያዎቹ የአንድሮይድ ስልኮች ብዙዎቹ የፊደላችንን ቅርጽ አልያዙም ነበርና፣ ከወንድም የተላከ የአማርኛ ደብዳቤ በመስተዋቱ ላይ ባዶ ሣጥን በባዶ ሣጥን ሆኖ ይታይ ነበር። የፊደሉን ቅርጽ ለማስገባት በፋብሪካው የተቈለፈውን የስልኩን ማኅደር መክፈት፣ ማለት «ሩት ማድረግ» ግድ ይሆን ነበር። ስለዚህ ከወጣቶቻችን አንዳንዶቹ የስልክን መሪ ሥርዓት መነካካት የተማሩት አማርኛ ለማንበብ ሲሉ ነው። በኋላ አንድሮይድ ራሱ ፊደላችንን ይዞ መጣ፤ ሙያው ግን በእጃቸው ቀረ።

እንግዲህ ወላጅ ልጁ ስልክ ሊከፍት ሲነሣ አስቀድሞ ሊጠይቀው የሚገባ ነገር አለ፤ ይኸውም «የትኛው ስልክ ነው? በውስጡስ ምን አለ?» የሚል ነው። ባለፈው ክረምት አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ የእናቱን ስልክ በእጁ ይዞ ወደ እኛ መጣ። «መምህር፣ ሎጎው ላይ ቆሞ ቀረብኝ» አለን። እናቱ አዲስ ስልክ ስለ ገዙ አሮጌውን ለእርሱ ሰጥተውት ነበር። ስልኩን ለማስነሣት ግማሽ ሰዓት አልፈጀብንም። ነገር ግን በዚያ ስልክ ውስጥ የሟች አያቱ ድምፅ ነበረ፤ በሕመም አልጋ ላይ ሆነው ለልጆቻቸው የተናገሩት ምክርና ምርቃት ነው። እናቱ ወደ አዲሱ ስልክ እገለብጠዋለሁ እያሉ ሳይገለብጡት ቈይተዋል፤ ልጁም በውስጡ እንዳለ አላወቀም። ስልኩ ተነሣ፤ ድምፁ ግን ጠፍቶ ቀረ። እናትየው ያን ዕለት ልጁን አልተቈጡትም፤ ዝም ማለታቸው ግን ከቍጣ ይልቅ የከበደው መሆኑን ፊቱ ይናገር ነበር።

ድምፁ የጠፋው በስሕተት አይደለም፤ ሥራው ራሱ የሚያጠፋው ነው። ፋብሪካው ከጫነው ሥርዓት በቀር ሌላ እንዳይገባ የሚከለክል ቡትሎደር የተባለ በረኛ አለ። በረኛው እንዲከፍት በታዘዘ ጊዜ በስልኩ ውስጥ ያለውን ሁሉ አስቀድሞ ይደመስሳል። እንዲህ የተደረገውም ለባለቤቱ ጥቅም ነው፤ አለዚያ ስልክ የሰረቀ ሰው በረኛውን ከፍቶ፣ የራሱን ሥርዓት ጭኖ፣ የባለቤቱን ምስጢር ባነበበ ነበር። በአሁኑ ዘመን ስልኮች የተቀመጠው ነገር በምስጢር ቍልፍ የታሰረ ስለ ሆነ፣ ቍልፉ ሲደመሰስ የታሰረው አይፈታም። «የጠፋውን አወጣላችኋለሁ» ብሎ ቀብድ የሚጠይቅ ጠጋኝ ቢመጣ ገንዘባችሁን አትስጡ። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ፎቶግራፉ፣ ድምፁና የስልክ ቍጥሩ ሁሉ ወደ ኮምፒውተር ወይም ወደ ሚሞሪ ካርድ ይገልበጥ፤ ካርዱም ከስልኩ ወጥቶ ይቀመጥ። የተገለበጠውንም ከፍቶ ማየትና ማዳመጥ ነው እንጂ ተገልብጧል ብሎ መተው አይበቃም።

የጂሜይልን ነገር ደግሞ ብዙ ቤተ ሰብ ይዘነጋዋል። ስልኩ በተገዛ ዕለት የሱቁ ልጅ አንድ የጂሜይል አድራሻ ከፍቶ፣ የይለፍ ቃሉንም ራሱ አውጥቶ ይሰጣል፤ ባለቤቱ አያውቀውም። አንድ ቀን ስልኩ ተደምስሶ ወደ ፋብሪካው ሥርዓት ሲመለስ «ቀድሞ የነበረውን አድራሻና የይለፍ ቃል አምጣ» ይላል፤ ካልመጣለትም አይከፍትም። ስለዚህ አድራሻውን አስቀድሞ ማወቅ፣ ወይም ከስልኩ ላይ በሥርዓቱ ማውጣት ያስፈልጋል። በስልኩ ላይ *#06# ሲደወል የሚታየውን ባለ 15 አኃዝ መለያ ቍጥርም በደብተር መጻፍ መልካም ነው።

ስለ ገንዘብ የሚሠጉ አሉ። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ደመወዝም፣ የቤት ኪራይም፣ ዕቁብም በስልክ መመላለስ ይዟል። ገንዘቡ በስልኩ አካል ውስጥ የተቀመጠ አይደለምና ስልኩ ቢደመሰስ ገንዘቡ አይጠፋም። ዳሩ ግን ብዙ የገንዘብ ፕሮግራሞች በረኛው የተከፈተበትን ስልክ መርምረው «በዚህ አልሠራም» ይላሉ። ይህን ክልከላ ለመሸሸግ የሚያገለግሉ ዘዴዎች ቢኖሩም፣ የቤት አስተዳዳሪ ገንዘቡን በድብብቆሽ ላይ ሊያኖር አይገባውም። በሌላም በኩል ማሻሻያው የቆመ አሮጌ ስልክ በፋብሪካው ሥርዓት እንዳለ ቢቀመጥም ለገንዘብ የሚታመን አይደለም። እንደ እኛ አስተያየት የቤቱ ገንዘብ፣ ዋጋው ርካሽም ቢሆን፣ ፋብሪካው ገና ማሻሻያ በሚልክለት ስልክ ይሁን፤ ይህ ካልተገኘ ቴሌብር *127# በመደወል በተራ የቍልፍ ስልክም ይሠራልና በዚያ መጠቀም ይሻላል። ሌላ ሥርዓት የሚጫንበት አሮጌው ስልክ ደግሞ ለተማሪው መጽሐፍ ማንበቢያ፣ ለመዝገበ ቃላት፣ ለመዝሙር ማዳመጫ ያገለግላል፤ ለዚህም ጥቂት ዓመታት ይበቃል።

ሁሉም ስልክ ግን ይህን ሥርዓት አይቀበልም። የስልኩ ስም ብቻ አይበቃም፤ በቅንብሩ ውስጥ «ስለ ስልኩ» በሚለው ሥር የተጻፈው የሞዴል ቍጥር ከሥርዓቱ ዝርዝር ጋር ፊደል በፊደል መመሳሰል አለበት። አንድ ስም የያዘ ሳምሰንግ በአንዱ አገር በአንድ ዓይነት፣ በሌላው አገር በሌላ ዓይነት አንጐል ይሸጣልና፣ ለአንዱ የተሠራው ለሌላው መርዝ ነው። በተለይ ዘመድ ከአሜሪካ የላካቸው፣ በዚያ አገር የስልክ ኩባንያዎች በኩል የተሸጡት ሳምሰንጎች በረኛቸው ብዙ ጊዜ ፈጽሞ አይከፈትም። ሁዋዌም እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ የመክፈቻውን ቍጥር መስጠት አቁሟል። በሰፈራችን የሚበዙት ቴክኖና አይቴል በሊኒጅ ኦኤስ ዝርዝር ውስጥ አይገኙም ማለት ይቻላል። ሞዴሉ በዝርዝሩ ከሌለ ሥራው በዚሁ ያብቃ፤ «ተቀራራቢውን እንሞክር» የሚለው ሐሳብ ብዙ ስልኮችን ገድሏል።

ሞዴሉ ከተገኘ ዘንድ የሥራው ቅደም ተከተል እንዲህ ነው። በረኛው ይከፈታል፤ ሪከቨሪ የተባለው ትንሽ የመጠገኛ ሥርዓት ይገባል፤ በእርሱም አማካይነት የቀድሞው መረጃ ይጸዳል፤ ከዚያም አዲሱ ሥርዓት ከላፕቶፑ በገመድ ይሻገራል። በሰፈራችን መብራት በየጊዜው ስለሚጠፋ ላፕቶፑ የሚተማመኑበት ባትሪ ያለው፣ ስልኩም በደንብ የተሞላ ይሁን።

ከዚህ በኋላ የሚያጋጥመው ችግር ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ምክንያቶች አያልፍም። ላፕቶፑ ስልኩን አላይም ቢል አስቀድሞ የሚጠረጠረው ገመዱ ነው። በየመናኸሪያው በርካሽ ከሚሸጡት አንዳንዶቹ ኤሌክትሪክ ብቻ እንጂ መረጃ አያስተላልፉምና፣ ሌላ ገመድ ተውሶ መሞከር የብዙ ሰዓት ድካም ያድናል።

ስልኩ ሎጎው ላይ ሲቆም ደግሞ ወጣቶች ቶሎ ይደነግጣሉ። አዲስ ሥርዓት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሣ እስከ 15 ደቂቃ ሊቈይ ይችላልና በትዕግሥት መጠበቅ ነው። ከዚያ ካለፈ ግን ከዚህ በላይ የተናገርንለትን ተማሪ ያጋጠመው ነው፤ የቀድሞውን መረጃ ሳያጸዳ በላዩ ላይ አዲሱን ጭኖበት ነበር። የማብሪያውንና የድምፁን ቍልፍ አንድነት ይዞ ወደ ሪከቨሪ መግባት፣ መረጃውን ማጽዳት፣ እንደገና መጫን ነው፤ በእርሱም ስልክ ያደረግነው ይኸው ነው። የቍልፎቹ አያያዝ በየስልኩ ይለያያል። ይህም ካልረዳ ከኢንተርኔት የወረደው ፋይል ሳይሟላ ወርዶ ሊሆን ስለሚችል፣ ከፋይሉ ጋር የተጻፈውን የማረጋገጫ ቍጥር ማመሳከር ይገባል።

የጉግል ፕሮግራሞች ከሊኒጅ ኦኤስ ጋር አይመጡም። የሚፈልጋቸው ሰው ሥርዓቱን እንደ ጫነ፣ ስልኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይነሣ ይጨምራቸው። ከተነሣ በኋላ ቢጨምራቸው «ቆሟል» የሚል ማስታወቂያ እየደጋገመ ያሰለቸዋል፤ መድኃኒቱም ጽዳቱንና ጭነቱን ከመጀመሪያው መድገም ነው። ሥርዓቱ ተነሥቶ አማርኛ መጻፊያ ያላገኘም አይጨነቅ፤ የአማርኛ ኪቦርድ ለብቻው ይጫናል።

መደወል ተችሎ ኢንተርኔት ብቻ ቢጠፋ፣ ኤፒኤን የሚባለው የመገናኛ ስም በቅንብሩ ውስጥ አልተጻፈ ይሆናልና ከሲም ካርዱ ድርጅት ጠይቆ መጻፍ ነው። መደወልም ካልተቻለ *#06# ይደወልና ቀድሞ በደብተር ከተጻፈው ጋር ይመሳከር። ቍጥሩ ባዶ ወይም ዜሮ ሆኖ ከታየ የስልኩ የመገናኛ ክፍል ተናግቷልና፣ ለሞዴሉ የተሠራውን የፋብሪካውን ሥርዓት መልሶ መጫን እንጂ በአዲሱ ላይ መነታረክ አይጠቅምም።

ሁሉ ነገር ተስተካክሎ ሲሠራ አንዳንድ ጥንቁቅ ልጅ «እንግዲህ በረኛውን መልሼ ልቈልፈው» ይላል። የፋብሪካው ሥርዓት በስልኩ ላይ ሳይመለስ ይህን ማድረግ በብዙ ስልኮች አደገኛ ነው፤ በረኛው የማያውቀውን ሥርዓት ስለሚያገኝ አያስነሣውም፤ አንዳንዱም ዳግመኛ አይከፍትም።