ሰይፉን ወደ አፎቱ የሚመልሰው እጅ

ባለፈው እሑድ በአንድ የዘመድ ዝክር ላይ፥ ጸበል ጻዲቁ ተቀምሶ ቡናው በሚፈላበት ሰዓት፥ የእኅቴ ልጅ አዲስ ያገኘውን ጌም ሊያሳየኝ ከቴሌቪዥኑ ፊት አስቀመጠኝና «ጋሼ፥ ይመልከቱልኝ፤ ፊልም እኮ ነው የሚመስለው!» አለኝ። በቴሌቪዥኑ መስኮት ላይ ዝናም ይዘንማል፤ ጺሙ የጎፈረ አንድ ሰው ስለ ሞተችበት ሚስቱ በረጅሙ ይተክዛል፤ መኪና ይገለበጣል፤ አንዲት ልጅ ታለቅሳለች። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሲቀዳ ጆይስቲኩ ገና በልጁ ጭን ላይ ተጋድሞ ነበርና፥ «አንተስ መቼ ነው የምትጫወተው?» ብዬ ጠየቅሁት። «ይቆዩ ጋሼ፥ አሁን ይጀምራል» አለኝ። በረካው በቀረበ ጊዜ በእርግጥ ተጀመረ፤ ልጁም ያንን ኀዘንተኛ ሰው ከቤቱ በር እስከ መኪናው ድረስ በአውራ ጣቱ አራመደው፤ ወዲያውም ሌላ ፊልም ገባ።

ልጁን አልተቈጣሁትም፤ ያስቈጣኝ ምስጋናው ነው። አንድ የሲኒማ ሰው ወዳጄ፥ ልብ ወለዱን «ፊልም ይወጣዋል»፥ የራድዮ ድራማውን «ምስል ቢኖረው ፊልም ነበር» እያለ ሲያሞግስ ስንጣላ ኖረናል፤ ይኸው የምስጋና ልማድ ወደ ልጆቹ ጨዋታ ወርዶ ባገኘሁት ጊዜ አሮጌው ጠብ እንደ ገና ተቀሰቀሰብኝ። ሲኒማን አልጠላም፤ የጎረምሳነት ዘመኔን ከፊሉን የበላው እርሱ ነው። ነገር ግን አንዱ ጥበብ ሌላውን በመምሰሉ ብቻ የሚመሰገን ከሆነ፥ ለራሱ የተሰጠው ጸጋ ምን እንደ ሆነ ማን ይጠይቅለታል?

መዋስ ነውር ነው ማለቴም አይደለም። ጆርዳን ሜክነር የተባለው አሜሪካዊ፥ የዬል ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ የሠራውን «ካራቴካ» እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1984 ካወጣ በኋላ፥ «ፕሪንስ ኦፍ ፐርዢያ» የተባለውን ጌም ለመሥራት በተነሣ ጊዜ፥ ታናሽ ወንድሙን ነጭ ልብስ አልብሶ በአንድ የመኪና ማቆሚያ ሜዳ ላይ ሲያስሮጠውና ሲያዘልለው በቪዲዮ ካሜራ ቀረጸ፤ የተቀረጸውንም ምስል አንድ በአንድ እየነደፈ በአፕል ኮምፒዩተር ላይ ነፍስ ዘራበት። የሰይፉን ፍልሚያ ደግሞ ያገኘው በ1938 ከወጣው የሮቢን ሁድ ፊልም፥ ኤሮል ፍሊንና ባዝል ራትቦን በመጨረሻው ግጥሚያ ፊት ለፊት ተፋጥጠው በካሜራው ዘንድ ከጎን ከሚታዩባቸው ጥቂት ሴኮንዶች ነው። ዘዴው ራሱ የሲኒማ ነው፤ ይኸውም ማክስ ፍላይሸር ከዚያ ሰባ ዓመት ቀድሞ ወንድሙን ዴቭን የሰርከስ አስቂኝ ልብስ አልብሶ በመቅረጽ፥ በምስሉም ላይ በመንደፍ «ኮኮ» የተባለውን የካርቱን ቀልደኛ የፈጠረበት ነው። ወንድም ያለው ሰው ተዋናይ አይቸግረውም።

ሜክነር ከሲኒማ የወሰደው ግን ወሬውን ሳይሆን የሰውነትን ክብደት ነው። የጌሙ ባለታሪክ የሆነው መስፍን ሲሮጥ ቢያስቆሙት ወዲያው አይቆምም፤ ጥቂት ተንሸራትቶ፥ ምናልባትም ገደሉ አፍ ላይ ደርሶ ነው የሚገታው፤ ሩቅ ለመዝለል መንደርደርን ይሻል፤ ከከፍታ ቢወድቅ ይጎዳል። ይህን ክብደት ተመልካች በዐይኑ ሊያየው ይችላል፤ የሚሸከመው ግን የተጫዋቹ ጣት ነው። ብድር ማለት እንዲህ ነው፤ ተበዳሪው በተበደረው ነገር አበዳሪው የማያውቀውን ሥራ ሠራበት።

ከሁሉ ይልቅ የሚደንቀኝ ግን የጥላው ነገር ነው። ጌሙ በሚሠራበት ጊዜ የኮምፒዩተሩ ማኅደረ ትውስታ ሞልቶ ለአዲስ ባላጋራ ሥዕል ቦታ ስላልነበረው፥ ባልደረቦቹ ግን ያለ ፍልሚያ ጨዋታው ሕይወት የለውም እያሉ ስለ ወተወቱት፥ ሜክነር የመስፍኑን የራሱን ሥዕል ጥቂት አዛንፎ በራሱ ላይ በመደረብ የሚብለጨለጭ የጥላ ሰው አወጣ። ከማጣት የተወለደው ይህ ጥላ የጨዋታው ምሥጢር ሆኖ ቀረ። መስፍኑ መስተዋት ሰንጥቆ ሲዘልል ጥላው በወዲያኛው በኩል ይወጣል፤ ከዚያም መድኀኒቱን ይጠጣበታል፤ በሩን በፊቱ ዘግቶ ወደ ጥልቁ ይጥለዋል፤ በመጨረሻም ሰይፍ መዝዞ ይገጥመዋል። ተጫዋቹም ባላጋራውን በመታው ቍጥር የራሱ ሕይወት ሲቀነስ ያያል። አንዲት ልዕልትን ለማዳን የተሰጠው ጊዜ 60 ደቂቃ ብቻ ነው፤ ሰዓቱም ያልቃል፤ መውጫውን የሚነግረው ሰው የለም። መውጫው ግን ጌታ በጌቴሴማኒ ለጴጥሮስ ያዘዘው ነው፤ ሰይፉን ወደ አፎቱ መልሶ ባዶ እጁን ወደ ጠላቱ መሄድ። ያን ጊዜ ሁለቱ አንድ ይሆናሉ።

ይህን በፊልም ብናየው ኖሮ «ደግ አደረገ» ብለን ፋንዲሻችንን እንቀጥል ነበር። እዚህ ግን እስከዚያች ሰዓት ድረስ መምታትን ብቻ የተማረ ጣት፥ ማንም ሳያዝዘው፥ እየፈራ፥ በራሱ ፈቃድ መታቀብ ይኖርበታል። ሊቃውንቱ ነቢብና ገቢር ብለው የሚለዩት ይህን ነው። ለንጽጽሩ አባቶች ይቅር ይበሉኝና፥ ፊልም ስብከትን ሲመስል ጨዋታ ግን ቅዳሴን ይመስላል፤ ስብከቱን ዝም ብሎ የሚሰማ ሰው ምንም አላጎደለም፤ በቅዳሴው ግን ካህኑ ቢያዜምና ዲያቆኑ ቢያዝዝ፥ ሕዝቡ ተሰጥኦውን ካልመለሰ ሥርዐቱ አይፈጸምም። የእኅቴ ልጅ የገዛው ጌም የሕዝቡን ተሰጥኦ ካህኑ ራሱ የሚመልስበት ቅዳሴ ነው።

ሂዴዎ ኮጂማ የተባለው ስመ ጥሩ ጃፓናዊ በ2008 ባወጣው «ሜታል ጊር ሶሊድ 4» መጨረሻ ላይ ከአንድ ሰዓት የሚበልጥ ትርዒት አስቀምጦ ተጫዋቹን በወንበሩ ላይ አሰረው፤ ወዳጄ ይህን «ድፍረት» ይለዋል፤ እኔ ግን የሰውን እጅ መናቅ እለዋለሁ። ሮጀር ኤበርት የተባለው አሜሪካዊ የፊልም ሐያሲም በ2010 የቪዲዮ ጌም ከቶ ጥበብ ሊሆን አይችልም ብሎ ከጻፈ በኋላ፥ ነገሩን በቅጡ ሳያውቅ መፍረዱን ራሱ ለማመን ተገዷል፤ ነፍሱን ይማር፥ ከዚያ በላይ አልከራከረውም።

«ዘ ላስት ኦቭ አስ»ን እንኳ እንመልከት፤ የ2013ቱ ጌም በ2023 የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ሆኖ ሲመጣ፥ እነሆ ጌሙ ለፊልም በቃ ተብሎ እልልታ ሆነ። ድራማው መልካም ነው። ነገር ግን ባለታሪኩ ጆኤል ኤሊ የተባለችውን ልጅ ለማዳን ወደ ቀዶ ጥገናው ክፍል በገባ ጊዜ፥ በድራማው ውስጥ ሐኪሙን የሚገድለው ጆኤል ነው፤ እኛም ከሶፋችን ሆነን እንፈርድበታለን። በጌሙ ግን ሐኪሙ ካልሞተ ታሪኩ አንዲት እርምጃ አይራመድም፤ ገዳዩም በወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው ነው። አንዱ ዳኝነትን ሲሰጠን ሌላው ንስሓን ይሰጠናል፤ ሜክነር ተጫዋቹን በመታቀብ ሲፈትነው የዚህ ጌም ሠሪዎች በመግደል ፈተኑት፤ ሁለቱም ግን እጁን አልናቁም። የሜክነርም መስፍን በ2010 ጄክ ጂለንሆልን ይዞ ወደ ሆሊዉድ ሄዶ ነበር፤ በብዙ ገንዘብ አምሮና ተውቦ ሲወጣ፥ ያ ከማጣት የተወለደው ጥላ ግን አብሮት አልሄደም።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ወደ ሀገሬ ይመልሰኛል፤ ለመመለስም አላሰብሁም ነበር። «ሲቪላይዜሽን 5» የተባለው ጌም በ2012 ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን የኢትዮጵያ መሪ አድርጎ በአማርኛ ሲያናግራቸው፥ ተከታዩም ክፍል በ2020 ዳግማዊ ምኒልክን በዙፋኑ ላይ ሲያስቀምጥ፥ በሀገር ውስጥም በባሕር ማዶም ያለ ወገናችን ደስታው ወሰን አልነበረውም። ደስታውን አልነቅፍም፤ ነገር ግን ሁሉ ስለ ካባውና ስለ አማርኛው አነጋገር ሲያወራ፥ በመጀመሪያው ጌም ውስጥ «የዐድዋ መንፈስ» ተብሎ የተቀመጠውን ሕግ ያነሣልኝ ሰው አላገኘሁም። ሕጉም የኢትዮጵያ ሠራዊት ከእርሷ የበዙ ከተሞች ካሉት መንግሥት ጋር በተዋጋ ጊዜ ኀይሉ በመቶ 20 ይጨመርለታል የሚል ነው። ስለዚህ ኢትዮጵያን የሚመራ ሰው፥ ጃፓናዊም ይሁን ብራዚላዊ፥ ትንሽ ሆኖ ከትልቅ ጋር መጋጠም የሚያዋጣው መሆኑን በመጽሐፍ ሳያነብ በጣቱ ይማረዋል። ካባው ልብስ ነው፤ ባህሉ ያለው በሕጉ ውስጥ ነው።

ይህንንም አበው ከእኛ ይልቅ ያውቁት ነበር። ሪቻርድ ፓንክረስት ታሪኩንና ሕጉን የጻፉልን የመኳንንቱ ሰንጠረዥ፥ መጀመሪያው ወረራ ይባል ነበር፤ በወረራውም ጊዜ ተራ የሚባል ነገር የለም፤ ሁለቱም ተጫዋቾች በአንድነት፥ አንዱ የሌላውን እጅ በዐይኑ እየጠበቀ፥ እንደ ወደዱ ሠራዊታቸውን ያሰልፋሉ፤ ተራ የሚገባው የመጀመሪያው ጠጠር ከተበላ በኋላ ነው። ንጉሡንም ደርና ፈረስ በሚባሉት ኀይለኞች ጠጠሮች መያዝ እምብዛም ክብር አልነበረውም፤ የሚመሰገነው በደካሞቹ የያዘ ነው። ፈረንጆች በ1990ዎቹ ተራ የሌለበትን የጦር ጌም በኮምፒዩተር ሲያስፋፉ እኛ ቀድመናል ብዬ ለመፎከር አይደለም፤ ፉከራው ለሌላ ሳምንት ይቆየን። የምለው ይህን ነው፤ ደም እስኪፈስ ድረስ ሁሉ ለቦታ የሚሻማበት፥ ደም ከፈሰሰ በኋላ ግን ሥርዐትና ተራ የሚከበርበት፥ በብርቱ ክንድ ማሸነፍ የማያኮራበት ዓለም ምን ዓይነት እንደ ነበረ፥ ስለ መሳፍንቱ ከተሠራ ድራማ ሁሉ ይልቅ ያ የሰንጠረዡ ቀይ ጨርቅ በአንድ ሰዓት ያስረዳ ነበር።

አሁን ግን ወጣቶቻችን «ኢትዮጵያዊ ጌም እንሥራ» ባሉ ቍጥር የምሰማው ሁሉ ስለ ሥዕል ነው፤ ላሊበላ ከኋላ ይቁም፥ ሯጩ ጥበብ ይልበስ፥ ዋሽንት ይነፋ፤ ሕጉ ግን ከባሕር ማዶ እንዳለ ተቀድቶ ይመጣል። በዐድዋ ስም ጌም ለመሥራት ያሰቡም እንዳሉ ስለ ጋሻው ጌጥና ስለ ጎፈሩ ቀለም ምክር ሲጠይቁኝ አውቃለሁ። እኔም መልሼ የምጠይቃቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የተጫዋቹ እጅ ምን እንዲያደርግ፥ ከምንስ እንዲታቀብ ትሻላችሁ? ለዚህ መልስ ይዞ የመጣ ሰው ከተገኘ፥ ጎፈሩን እኔ ራሴ ከአያቴ ሣጥን አውጥቼ አውሰዋለሁ።