ፕሮግራሙ ነፃ ቢሆን ክትትሉ ነፃ አይደለም

በቢሾፍቱ ከተማ ኮምፒዩተር የሌለው ሆቴል፣ ክሊኒክ ወይም የእርሻ ድርጅት ማግኘት አስቸጋሪ ሆኗል። የከተማው ነጋዴ ኮምፒዩተር ሲገዛ ዋጋ ይከራከራል፤ ዋስትና ይጠይቃል፤ የአዲስ አበባውን ዋጋ ከአዳማው አወዳድሮ ይገዛል። ይህ ደግ ነው። ነገር ግን ማሽኑ ቢሮ ከገባ በኋላ በውስጡ ያሉት ፕሮግራሞች መቼ እንደተሠሩ፣ ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ እንደተሻሻሉ፣ ማሻሻያውንም ማን እንደሚከታተል የሚጠይቅ ባለንብረት እምብዛም አይገኝም። ጥያቄው የሚነሣው ኮምፒዩተሩ አልሠራም ሲል ነው። ያን ጊዜ ጠጋኙ ይጠራል፤ "ፎርማት" ያደርጋል፤ ከፍላሹ "ክራክ" የተደረገ ዊንዶውስ ይጭናል፤ ሒሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ አጭር ነው። አንድ ድርጅት ፕሮግራም ስላገኘ ብቻ ተጠቀመ አይባልም፤ ከፕሮግራሙ ሠሪዎች ዘንድ የሚወጣውን አዲስ እትም የሚከታተልለት ሰው ያስፈልገዋል። ክትትሉ ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ ዋጋም አለው። ዋጋውን በወቅቱ ያልከፈለ በኋላ ከነወለዱ ይከፍላል።

ጊዜው ያለፈበት ዕቃ

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025፣ በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ማሽኑ ከዚያ ቀን በኋላም እንደወትሮው ይነሣል፣ ይጽፋል፣ ያትማል። ለተራዘመው ድጋፍ ካልተመዘገበ በስተቀር ግን አዲስ የደኅንነት ጥገና አይደርሰውም። በ"ክራክ" የሚሠራው ደግሞ ማሻሻያው እንዳያፈርሰው ተብሎ ገና ከመጀመሪያው ማሻሻያው እንዲዘጋ የሚደረግበት ጊዜ ብዙ ነው። በሱቅ መደርደሪያ ላይ የመጠቀሚያ ጊዜው ያለፈ የታሸገ ምግብ ቢገኝ ባለሱቁ ይጠየቃል። በእንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ ላይ ያለውን ጊዜው ያለፈበት ፕሮግራም ግን ዞር ብሎ የሚያየው የለም።

ነገሩ የቴክኒክ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በሐይቆቹ ዙሪያ ያሉት ሆቴሎችና ሎጆች የእንግዶቻቸውን ስም፣ ስልክና የፓስፖርት ቁጥር ይመዘግባሉ። ክሊኒኮች የሕሙማንን ታሪክ ይይዛሉ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ደግሞ የሰው መረጃ የያዘ ሁሉ መረጃውን የመጠበቅ ግዴታ አለበት። "ጠጋኙ ነው የጫነልኝ" የሚል መልስ የሚያዋጣ አይመስልም።

መጋዘኑና ጠባቂዎቹ

ብዙዎች ከዚህ ችግር ለመውጣት "ሊኑክስ ነፃ ነው፤ እርሱን እንጫን" ሲሉ ይሰማል። ምክሩ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ጎደሎ ነው። ለመሆኑ በሊኑክስ ውስጥ አዲሱን እትም የሚከታተለው ማን ነው?

ሊኑክስን እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የፊንላንድ ተማሪ ነው። እርሱ የጀመረው አስኳሉን ነው። ከአስኳሉ ጋር የሚሠሩት ጽሑፍ መጻፊያው፣ ኢንተርኔት መክፈቻው፣ የመረጃ ቋቱ፣ የፊደል ቅርጹ በልዩ ልዩ አገር ባሉ እጅግ ብዙ ሠሪዎች ይዘጋጃሉ። እነዚህን ሰብስቦ፣ አንዱን ከሌላው አስማምቶ፣ በአንድ መጋዘን አስቀምጦ የሚያድለው ወገን "ዲስትሪቢዩሽን" ይባላል፤ አከፋፋይ እንደማለት ነው። ከቀደምቶቹ አንዱ እ.ኤ.አ. በ1993 የተመሠረተው ዴቢያን ነው። በአገራችን ስሙ ይበልጥ የሚታወቀው ኡቡንቱም እ.ኤ.አ. በ2004 በደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልወርዝ አማካይነት ከዚሁ ከዴቢያን የተቀዳ ነው። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2025 የወጣው ዴቢያን 13 ወደ 70 ሺህ የሚጠጉ ፓኬጆች፣ ማለትም ታሽገው ለመጫን የተዘጋጁ ፕሮግራሞች አሉት።

ነጋዴ የሆነ አንባቢ እዚህ ላይ አንድ ነገር ማንሣቱ አይቀርም። ሰባ ሺህ ዓይነት ዕቃ ያለበት መጋዘን፣ ፋብሪካዎቹም ሳያስታውቁ በፈለጉት ቀን ሞዴል የሚለውጡ ከሆነ፣ ማን ቆጥሮ ይዘልቀዋል?

የዴቢያን ዘዴ ቀላል ነው። ፓኬጁ በውስጡ አንዲት አጭር የመከታተያ ሰነድ ይይዛል። ሰነዷ "የዚህ ፕሮግራም ሠሪዎች አዲስ እትም የሚያስቀምጡት በዚህ ቦታ ነው፤ የፋይሉም ስም በዚህ መልክ ይጻፋል" ትላለች። "ዩስካን" የተባለ መሣሪያ ሰነዷን አንብቦ ወደ ሠሪዎቹ ዘንድ ይሄዳል፤ እዚያ ያለውን ቁጥር በመጋዘኑ ካለው ጋር ያስተያያል፤ ከበለጠም ለፓኬጁ ኃላፊ ይታወቃል። ፌዶራ የተባለው ዲስትሪቢዩሽን "አኒትያ" የሚባል ተመሳሳይ ተከታታይ አለው። በአርች ደግሞ ማንኛውም ተጠቃሚ "ይህ ፓኬጅ አርጅቷል" ብሎ ምልክት ሊያደርግበት ይችላል።

ማስተያየቱ ራሱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በሱቅ ሒሳብ 1.10 ብር ከ1.90 ያንሳል። በፕሮግራም ቁጥር ግን 1.10 ከ1.9 በኋላ የወጣ ነው፤ ዘጠነኛው አልፎ አሥረኛው ደረሰ ማለት ነውና። ለሙከራ ብቻ የወጣውን ለገበያ ከወጣው መለየትም ያስፈልጋል። መሣሪያው ይህን ሁሉ ካከናወነ በኋላ ገና የሰው ሥራ ይጀመራል። ኃላፊው አዲሱ እትም በእርግጥ ከሠሪዎቹ የመጣ መሆኑን በዲጂታል ፊርማው ያረጋግጣል፤ ያሽገዋል፤ ይፈትሸዋል፤ ሌሎች ፓኬጆችን እንዳያበላሽ ይመረምራል።

መዘግየትም መቸኮልም ያስከፍላሉ

መዘግየት የሚያስከፍለው በደኅንነት በኩል ብቻ አይደለም። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደል መዝገብ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2021 ደግሞ ለጉራጌ ቋንቋዎች መጻፊያ የሚያገለግሉ 28 ተጨማሪ ፊደላት በዚያው መዝገብ ተጨመሩ። የከተማችን አንድ ማተሚያ ቤት በእነዚህ ፊደላት የተጻፈ የሠርግ ጥሪ ቢቀበልና በኮምፒዩተሩ ያለው የፊደል ቅርጽ ከዚያ ዓመት በፊት የወጣ ቢሆን፣ በፊደላቱ ቦታ ባዶ ሣጥን ያያል። ሥራው ወደ ሌላ ማተሚያ ቤት ሄደ ማለት ነው። ሠሪዎቹ ፊደሉን ጨምረው ሊሆን ይችላል፤ ተከታትሎ ያመጣው ሰው ግን የለም።

"እንግዲያውስ አዲስ የወጣውን ሁሉ በወጣበት ቀን እንጫን" የሚልም ይኖራል። ለዚህ መልስ የሚሆን ታሪክ በቅርብ ዓመት ተፈጽሟል። "ኤክስዜድ" የተባለ ፋይል ማመቂያ ፕሮግራም አለ፤ ትንሽ ቢሆንም በሊኑክስ ዓለም ሁሉ የተሠራጨ ነው። ጂያ ታን በሚል ስም የሚጠራ አንድ ሰው ከሁለት ዓመት በላይ ሠሪዎቹን ሲያግዝ ቆይቶ እምነት አተረፈ፤ አዲስ እትም የማውጣት ሥልጣንም አገኘ። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪና በማርች 2024 በወጡት 5.6.0 እና 5.6.1 በተባሉት እትሞች ውስጥ ወደ ሰው ኮምፒዩተር የሚያስገባ ስውር በር ተደብቆ ተገኘ። ነገሩን የደረሰበት አንድረስ ፍሮይንድ የተባለ የማይክሮሶፍት ባለሙያ ነው፤ ወደ አንድ ማሽን ሲገባ የወትሮው ጊዜ በግማሽ ሴኮንድ ያህል መርዘሙ አጠራጥሮት መረመረና እ.ኤ.አ. ማርች 29 ቀን 2024 ለዓለም አስታወቀ።

አዲሱን በወቅቱ ተከታትለው ያስገቡት የዴቢያን የሙከራ ክፍሎች እትሙን ተቀብለውት ነበር። ለሕዝብ የሚታደለው የጸናው የዴቢያን እትም ግን አልተነካም፤ አዲስ ነገር ሳይፈተሽና ሳይሰነብት ወደዚያ አይገባምና። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ሌላም የሚያሳስት ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2014 "ሃርትብሊድ" በሚል ስም የታወቀው ክፍተት ኦፕን ኤስኤስኤል በተባለው የምሥጢር መጠበቂያ ፕሮግራም ላይ ሲገኝ፣ ሠሪዎቹ ጥገናውን ያወጡት 1.0.1 "ጂ" በተባለው እትም ነበር። የጊዜው ዴቢያን ግን ጥገናውን ብቻ ወስዶ ቀድሞ በያዘው በ1.0.1 "ኢ" ላይ ተከለው። ቁጥሩን ብቻ የሚያይ ሰው "ይህ አሮጌ ነው" ብሎ ይደነግጣል፤ ቀዳዳው ግን ተደፍኗል። ስለዚህ የእትም ቁጥር ብቻውን አያስተማምንም። ከቁጥሩ ጀርባ ያለውን የሚያነብ ባለሙያ ያስፈልጋል የምንለው ለዚህ ነው።

ቢሾፍቱ ይህን ሥራ ታውቀዋለች

ይህ አሠራር ለከተማችን እንግዳ አይደለም። የእንስሳት ክትባት የሚያመርተው ብሔራዊ ተቋም እዚሁ ነው። የአፍሪካ ኅብረት የእንስሳት ክትባት ማዕከል፣ በአጭር ስሙ ፓንቫክ፣ እርሱም እዚሁ ነው፤ ሥራውም በልዩ ልዩ አገር የተመረቱ ክትባቶችን ከአምራቹ ተለይቶ ጥራታቸውን መፈተሽ ነው። አምራቹ ሌላ፣ ፈታሹ ሌላ መሆኑን ያወቀ ሰው ዲስትሪቢዩሽን ምን እንደሚሠራ ገብቶታል።

የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከልም እ.ኤ.አ. በ2006 "ቁንጮ" የተባለውን የጤፍ ዝርያ ለገበሬ አበርክቷል። ዝርያው ከምርምር ጣቢያ መውጣቱ ብቻ ማንንም አላጠገበም። ያጠገበው ዘሩ ተባዝቶ፣ ንጽሕናው ተረጋግጦ፣ ገበሬው ዘንድ በመድረሱ ነው። "አዲስ ዝርያ ወጥቷል" የሚለውን ወሬ ሰምቶ ዘሩን ያላገኘ ገበሬ ያንኑ አሮጌውን ይዘራል። ገበሬው በዘር በኩል የሚያውቀውን ነጋዴው በኮምፒዩተር በኩል ሊስተው አይገባም።

ምን ይደረግ?

በመጀመሪያ ባለንብረቱ ከጠጋኙ ጋር ያለውን ውል ይለውጥ። ሲበላሽ ብቻ የሚጠራ ሰው የሚያገኘው ከብልሽት ነው፤ ብልሽት ቢጠፋ እርሱም ሥራ ያጣል። በወር እየተከፈለው የሚከታተል ሰው ግን ብልሽት ባይኖር ይመርጣል። በውሉ ውስጥ ሦስት ነገሮች ይግቡ፤ የደኅንነት ማሻሻያ በየስንት ቀኑ እንደሚታይ፣ ትልቅ የእትም ለውጥ ሲመጣ በቅድሚያ በአንድ ማሽን ላይ እንደሚፈተሽ፣ ከለውጡም በፊት የመረጃው ቅጂ እንደሚቀመጥ። የተደረገውም በወሩ መጨረሻ በአንድ ገጽ ይቅረብ።

ሁለተኛ፣ የኢንተርኔት ወጪ ሰበብ አይሁን። አሥር የሊኑክስ ኮምፒዩተር ያለው ድርጅት ያንኑ ማሻሻያ አሥር ጊዜ ማውረድ የለበትም። አንዱ ማሽን አንዴ አውርዶ ያስቀምጣል፤ ዘጠኙ ከእርሱ ይወስዳሉ። ስንዴ በኩንታል ገዝቶ እንደመከፋፈል ነው።

ሦስተኛ፣ ሁሉንም በአንድ ቀን ወደ ሊኑክስ ማዞር አይቻልም፤ አያስፈልግምም። የብዙ ድርጅቶች ሒሳብ ዛሬም ሰው "ፒችትሪ" እያለ በሚጠራው፣ በዊንዶውስ ላይ በሚሠራው ፕሮግራም ነው የሚያዘው። የሒሳብ ሠራተኛውን ከለመደው ነጥቆ ማደናገር ኪሣራ ነው። ፋይል የሚቀመጥበት ማሽን፣ ለደብዳቤና ለኢንተርኔት ብቻ የሚያገለግሉት ኮምፒዩተሮች ግን ጥሩ መጀመሪያ ናቸው። በዊንዶውስ የሚቀረውም ቢሆን ፈቃድ ያለውና ማሻሻያው ያልተዘጋ ይሁን።

የከተማው ወጣት ባለሙያዎችም ይህን ቢያስቡበት ይበጃል። "ፎርማት" ማድረግ ማንም የሚያውቀው ሥራ ሆኗልና ዋጋው እየወረደ ይሄዳል። ክትትል ግን ደንበኛውን ወር በወር ያቆያል፤ መነሻ ካፒታሉም ዕውቀትና ታማኝነት ነው። ዴቢያንን የመሰለ መጋዘን ሰባ ሺህ ፓኬጅ ያለ ክፍያ ሲያቀርብ፣ ከመጋዘኑ እስከ ሆቴሉ ጠረጴዛ ያለው መንገድ የእነርሱ ገበያ ነው።

ነጋዴ ዘበኛ ቀጥሮ በር ያስጠብቃል፤ ሌባ እስኪገባ ድረስ ደመወዙን አይከለክለውም። የፕሮግራም ክትትልም እንዲሁ ነው። ምንም ባልተፈጠረበት ወር የሚከፈለው ገንዘብ የባከነ የሚመስለው ባለንብረት ምንም ያልተፈጠረው በዚያው ገንዘብ መሆኑን ያስብ። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ።