ወረቀት ያለው ሮጠ፣ እግር ያለው ቀረ

ዛሬ ፖለቲካውን ወደ ጎን ልተወውና ስለ ሩጫ ላውጋችሁ ብዬ ነበር የተነሳሁት። ግን በዚች አገር ከፖለቲካ የተረፈ ምን አለና!

ነገሩ እንዲህ ነው። ጃን ሜዳ አቅራቢያ ተወልጄ ስላደግሁ አገር አቋራጭ ውድድር ሲኖር መቅረት አይሆንልኝም። የልጅነት ሱስ ነው። ከሁሉም የምወደው የወጣት ወንዶቹን 8 ኪሎ ሜትር ነው። አንድ ዓመት ታዲያ ልጆቹ መነሻው ላይ ተደርድረው ሳለ አጠገቤ የቆሙ አንድ ሽማግሌ ወደ አንዱ ተወዳዳሪ በከዘራቸው እያመለከቱ፣ «ይሄ ‹ወጣት› ጠዋት ጢሙን ተላጭቶ፣ ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርሶ ነው የመጣው» አሉ። ሰዉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ቤቴ ስገባ ግን ሳቁ ከነፈ። አንድ የማጂ ልጅ ትዝ አለኝ።

የልጁን ነገር ከማውጋቴ በፊት ግን ስለ ውድድሩ ትንሽ ልበል። የዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና እ.ኤ.አ. በ1973 ቤልጅየም ውስጥ ተጀመረ። (ከዚህ በታች ስለ ውድድሩ የምጠራቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆቹ ናቸው።) የወጣቶቹ ሩጫ ለብዙ ሰው የአዋቂዎቹ ማሟሟቂያ ይመስለዋል። አይደለም። በር ነው። ኃይሌ ገብረሥላሴ በ1992 ቦስተን ላይ በወጣቶች ሁለተኛ ወጣ፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን ዓለም ያውቀዋል። ሚሊዮን ወልዴ በ1998 ማራካሽ ላይ በወጣቶች አሸነፈ፤ በሁለት ዓመቱ ሲድኒ ላይ የ5 ሺ ሜትር የኦሎምፒክ ወርቅ አጠለቀ። ኢብራሂም ጄይላን በ2008 ኤደንብራ ላይ በወጣቶች አሸነፈ፤ በ2011 ዴጉ ላይ ሞ ፋራህን ቀድሞ የ10 ሺ ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ጎረቤታችን ኬንያም እንደዚሁ ነው፤ ዛሬ የማራቶን ንጉሥ የምንለው ኤሉድ ኪፕቾጌ በ2003 ሎዛን ላይ የወጣቶቹ አሸናፊ ነበር።

ቀነኒሳ በቀለን ደግሞ ለብቻው ላንሳው። በ1999 ቤልፋስት ላይ ኃይሉ መኮንን አንደኛ ሲወጣ ቀነኒሳ ዘጠነኛ ነበር። ዘጠነኛ! ያኔ «አይሆንም» ተብሎ ቢቀርስ ኖሮ? በ2001 ኦስተንድ ላይ ተመልሶ መጣና ሁለተኛውን በ33 ሰከንድ ጥሎት ገባ። እንግዲህ ወጣት ማለት ይኸ ነው። ዛሬ ዘጠነኛ የወጣ ነገ አንደኛ እንዲሆን በሩ ሁለት ጊዜ ሊከፈትለት ይገባል።

በሩ ግን ጠባብ ነው። አንድ አገር የሚያሰልፈው 6 ልጅ ብቻ ነው። በዚያ ዓመት እስከ ዲሴምበር 31 ሃያ ዓመት የሚሞላው አይገባም። ሻምፒዮናው ድሮ በየዓመቱ ነበር፤ ከ2011 ወዲህ በየሁለት ዓመቱ ሆነ። በኮሮናው ጊዜ ደግሞ ከ2019 በኋላ እስከ 2023 ድረስ ጭራሽ አልተካሄደም። ስለዚህ ለአንድ ልጅ ይህ ዕድል በዕድሜው ደጋግሞ አይመጣም። አንዴ ካመለጠው አመለጠው።

አሁን ወደ ማጂ ልውሰዳችሁ። አዲስ አበቤ ደቡብ ምዕራብ ሲባል ቴፒ፣ በበቃ፣ ቡና፣ ጫካና ወበቅ ብቻ ይመስለዋል። ሚዛን ተፈሪ ለመድረስ ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ይነዳል፤ ከዚያ ወደ ደቡብ ሌላ መንገድ አለ፤ ዝናብ ከጣለ መንገድ መባሉም ይቀራል። መጨረሻው ላይ ማጂ ናት። ማጂ ደጋ ናት። ከባሕር ወለል ከ2 ሺ ሜትር በላይ ተሰቅላ ቁልቁል የኦሞን ቆላ ታያለች። ብርዱ፣ ጉሙ፣ ዳገቱ ሌላ ነው። ሯጭ ለምታፈራው ኬንያ ድንበር ከአዲስ አበባ ይልቅ ማጂ ትቀርባለች። ታዲያ ከበቆጂ ሯጭ ሲወጣ፣ ከኬንያ ኢተን ሯጭ ሲወጣ፣ ከማጂ ለምን አይወጣም? ማጂ የአንድ ሻምፒዮን የትውልድ ስፍራ ተብላ ስትጠራ ሰምቼ አላውቅም። እግር ጠፍቶ ይሆን? የለም። እኔ አይቻለሁ።

በ2001 ዓ.ም. መምህር ሆኜ ማጂ ተመደብሁ። ከተማሪዎቼ አንዱ ቤቱ የሁለት ሰዓት መንገድ ነበር፤ ለሰው ሁለት ሰዓት ማለቴ ነው፤ እሱ እየሮጠ ስለሚመጣ ደወል ሲደወል በር ላይ ነው። አንድ ቀን የ50 ሜትር ገመድ ፈልጌ ሜዳውን ለካሁት፤ የእጅ ሰዓቴን ይዤ ልጁን አስሮጥሁት። 5 ሺ ሜትሩን በባዶ እግሩ፣ በሣር ላይ፣ ከ15 ደቂቃ ትንሽ አለፍ ብሎ ጨረሰ። ገመዱ ተሳስቶ ይሆናል ብዬ እንደገና ለካሁ። ገመዱ አልተሳሳተም።

በ2003 ዓ.ም. የምርጫ ውድድር አለ ሲባል ከደመወዜ ቀንሼ ይዤው ሄድሁ። አይሱዙ ላይ፣ የቡና ጆንያ ላይ ተቀምጠን ሁለት ቀን ፈጀብን። ደርሰን ስንመዘገብ አንድ ኃላፊ ቀና ብለው፣ «የልደት ማስረጃ?» አሉኝ።

«የለውም፤ እናቱ ኢሕአዴግ በገባ በሁለተኛው ዓመት፣ በቆሎ ሲሸለቀቅ ነው የወለድኩት ይላሉ። የትምህርት ቤት መዝገቡን ይዣለሁ» አልኋቸው።

«ይሄ ማስረጃ አይሆንም» አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «መምህር፣ እርስዎ ደግሞ! ከቀበሌ አንድ ወረቀት አጽፈው መምጣት አቅቶዎት ነው? እግረ መንገድዎንም ሁለት ሦስት ዓመት ያስቀንሱለት። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርገው» አሉኝ።

ውድድሩ በማግስቱ ነው። ቀበሌያችን ያለችው የሁለት ቀን መንገድ ላይ ነው። ልጁ ቆሞ ሲሮጡ አየ። ማታ ላይ፣ «ቲቸር፣ የተወለድኩበትን ቀን ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ?» ብሎ ጠየቀኝ። ምን ብዬ ልመልስለት? እስከ ዛሬም መልስ የለኝም።

ለመፍረድ አትቸኩሉ፤ እኔም ጥፋተኛ ነኝ። በዓመቱ ዝውውር ሲደርሰኝ ሻንጣዬን አንጠልጥዬ ወጣሁ። ገመዱን እንኳ ለማንም አላስረከብሁም። ልጁ በኋላ ቡና ለቀማ ወረደ አሉኝ።

እንግዲህ ፍርዱን ተመልከቱት። የዕድሜ ሕጉ የወጣው ትልልቆቹ ከትንንሾቹ ጋር እንዳይሮጡ ነው። በእኛ አገር ግን ሕጉ ተገልብጦ ቆመ። ቀበሌ ውስጥ ሰው ያለው የፈለገውን ዕድሜ አጽፎ ይገባል፤ እውነተኛው ልጅ ወረቀት ስለሌለው ይቀራል። የማንንም ስም አልጠራም፤ የሮጡትንም ልጆች አልወቅስም። ጥያቄዬ ወረቀቱን ለሚያምኑት ነው። በአገራችን የልደት ምዝገባ በመላ አገሪቱ በወጉ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ዛሬ በወጣትነት የሚሮጡት ልጆች ደግሞ ሁሉም ከዚያ በፊት የተወለዱ ናቸው። ታዲያ በብዙዎቹ እጅ ያለው ወረቀት ኋላ የተጻፈ አይደለም እንዴ? ኋላ የተጻፈ ወረቀት የሚታመነው፣ አንደኛ ክፍል በገባ ቀን የተጻፈ የትምህርት ቤት መዝገብ የማይታመነው በምን ሒሳብ ነው?

«ማጂ ሯጭ ቢኖር ኖሮ በራሱ ይወጣ ነበር» የሚሉ አሉ። ኧረ ተዉ! ቀነኒሳን፣ ደራርቱን፣ ጥሩነሽን በቆጂ ላይ ያያቸው እኮ የአካል ማጎልመሻ መምህር የነበረው ስንታየሁ እሸቱ ነው። ኢተን ላይም የአንድ ትምህርት ቤት መምህር የሆኑ አየርላንዳዊ ወንድም፣ ኮልም ኦኮኔል፣ ናቸው ትውልድ ያወጡት። ሁለቱም ያደረጉት አንድ ነገር ነው፤ ሳይሄዱ ቆዩ። ሁለቱንም ደግሞ የሚሰማቸው ሰው ነበር። ማጂ ያጣችው ይህን ነው፤ የሚቆይ መምህርና መምህሩን የሚሰማ ሹም።

ቀድሞ «ሐዋሳ ሩቅ ነው» ይባል ነበር። እውነት ነው፣ ሩቅ ነበር። በ2014 ዓ.ም. ግን የደቡብ ምዕራብ ክልል ተመሠረተ። ይኸው ክልሉ ቦንጋ፣ ተርጫ፣ ሚዛን አማን፣ ቴፒ እያለ አራት ከተማ ላይ ተቀምጧል። አራት ዋና ከተማ ያቆመ ክልል ለማጂ አንድ ሰዓት የሚይዝ ሰው ያጣል? ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሆነ እኮ ነገሩ!

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ስታዲየም ሥሩ አላልሁም። በዓመት አንዴ፣ መንገዱ ሲደርቅ፣ ሰዓትና ሜትር የያዘ አሠልጣኝ ማጂ ይውጣና ልጆቹን እዚያው ሜዳቸው ላይ ያስሩጣቸው። የአንድ ስብሰባ ውሎ አበል ይበቃዋል። የትምህርት ቤት መዝገብ ለዕድሜ ማስረጃነት ይቆጠር። ዛሬ የሚወለደው የማጂ ሕፃን ደግሞ ሳይውል ሳያድር ይመዝገብ፤ የዛሬ 18 ዓመት ማንም «የተወለድህበት ቀን መቼ ነው?» ብሎ ከመስመር እንዳያወጣው።

ያ ልጅ ዛሬ ከሠላሳ ዓመት አልፏል። ለእሱ መሽቷል። ታናናሾቹ ግን ዛሬም ጠዋት፣ እኛ ታክሲ ስንጋፋ፣ የማጂን ዳገት በሩጫ ወጥተው ትምህርት ቤት ገብተዋል። ሰዓት የያዘላቸው ግን የለም።

ሰሚ ካለ አቤት ብያለሁ። ቸር እንሰንብት።