ዋስ የሌለው ልጅ የት ይሂድ?

የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት ቆሞ የሚያውቅ ሰው መጨረሻ ላይ ያለችውን መስመር አያጣትም፦ «በቂ ዋስ ማቅረብ የሚችል/የምትችል»። የትምህርት ደረጃው፣ የሥራ ልምዱ፣ ዕድሜው ሁሉ ተዘርዝሮ ሲያበቃ እሷ ከታች ትቀመጣለች። ለብዙ አንባቢ እዚህ ግባ የማትባል ናት፤ አጎት ወይም ጎረቤት ተጠይቆ በሁለት ቀን የሚያልቅ ጉዳይ። እኔ ግን በአዲስ አበባ አንድ ወረዳ ውስጥ ወጣቶችን ከሥራ ጋር አገናኛለሁ፤ ያየሁትን ልናገር። ከቃለ መጠይቁም ከፈተናውም ይልቅ ልጆቻችንን ከበር የምትመልሰው ይህች መስመር ናት።

ምን እንደምትጠይቅ ላስረዳ። ካሸር፣ የሽያጭ ሠራተኛ፣ የመጋዘን ሠራተኛ፣ ጥበቃ፣ ሹፌር፣ ዕቃ አድራሽ፤ ገንዘብ ወይም ንብረት የሚነካ ሥራ ሁሉ ዋስ ይጠየቅበታል። ዋሱ ቋሚ ሠራተኛ መሆን አለበት። ደመወዙ ከተቀጣሪው ማነስ የለበትም። ከመሥሪያ ቤቱ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ያመጣል፤ ደብዳቤው ላይም ለሌላ ሰው ዋስ አለመሆኑ እንዲጻፍ የሚጠይቁ ብዙ ናቸው። አንዳንዱ ቀጣሪ በዚህ ፈንታ የንግድ ፈቃድ ወይም የመኪና ሊብሬ ይቀበላል። ከዘመዶቹ መካከል አንድም የወር ደመወዝተኛ የሌለው፣ መኪናም ሱቅም በአጠገቡ ያላለፈ ቤተሰብ ልጅ ይህን ከየት ያመጣል?

እኛ ጋ የሚመጡት ደግሞ በአብዛኛው እነሱ ናቸው። የከተማ ሴፍቲኔት በ2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በሌሎች አሥር ከተሞች ሲጀመር እናቶቻቸው መንገድ እየጠረጉ፣ ከሚከፈላቸው ላይ 20 በመቶ እየቆጠቡ ያሳደጓቸው ልጆች አሉ። በማሳደጊያ አድገው 18 ዓመት ሲሞላቸው የወጡ፣ ከዓረብ አገር ባዶ እጃቸውን የተመለሱ፣ ከገጠር ብቻቸውን የመጡ አሉ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ። ከቀሩት ብዙዎቹ ውለው አድረው የወረዳ ጽሕፈት ቤት ደጃፍ ላይ ይሰለፋሉ።

ከእነዚህ አንዷን ላንሣ። የሒሳብ መመዝገቢያ ማሽን አሠራር ሠልጥና ነበር። ከአንድ ሱፐርማርኬት ጋር አገናኘናት፤ ቃለ መጠይቁን አለፈች። «እስከ ዓርብ ዋስሽን ይዘሽ ነይ» ተባለች። የእናቷ ዕድር ሰብሳቢ ዘንድ ሄደች፤ ፈቃደኛ ነበሩ፣ ግን ጡረተኛ ስለሆኑ አልተቀበሏቸውም። ጎረቤቷ መምህርት ለወንድሟ ልጅ ቀድማ ፈርማለች። የንስሐ አባቷ ስለ ጠባይዋ በሙሉ ልብ ይመሰክሩላታል፤ የደመወዝ ደብዳቤ ግን የላቸውም። አንድ ደላላ በገንዘብ ዋስ ሊያገኝላት ቃል ገባ፤ የጠራው ዋጋ እናቷ በወር ከምታገኘው ይበልጥ ነበር። በመጨረሻ እኔ ጋ መጥታ «ጋሼ፣ እርስዎ ይፈርሙልኝ» አለች። እኔ ደግሞ ለአንድ የመጋዘን ሠራተኛ ፈርሜያለሁ፤ ደመወዜ ሁለት ሰው አይሸከምም። ሰኞ ዕለት ቦታው በሌላ ሰው ተያዘ።

እሷን በሪፖርታችን ውስጥ ብትፈልጓት አታገኟትም። የሠለጠኑ የሚል ዓምድ አለ፤ ሥራ የተፈጠረላቸው የሚል ዓምድ አለ። ዋስ አጥተው የተመለሱ የሚል ግን የለም። ያልተቆጠረ ችግር ደግሞ በጀት አይያዝለትም።

ቀጣሪዎችን ለመውቀስ አልተነሣሁም። የቀኑን ሽያጭ ይዞ የጠፋ ሠራተኛ ያጋጠመው ነጋዴ ፍርሃቱ እውነተኛ ነው። ክስ ቢመሠርት ጊዜውን ይበላዋል፤ ቢፈረድለትም ከማን ያስከፍላል? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛውን እስከ 60 የሥራ ቀን በሙከራ እንዲያየው ይፈቅድለታል፤ በሙከራው ጊዜ የጎደለውን ገንዘብ ግን አዋጁ አይተካለትም። ስለዚህ ነጋዴው ዋስ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ጥያቄው ያንን ዋስ መሆን ያለበት ማን ነው የሚለው ነው።

ዋስ ለቀጣሪው የሚሠራለት ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ይህን ሰው አውቀዋለሁ፣ ቤቱ እዚህ ነው ይላል። ሁለተኛ፣ ቢያጎድል እከፍላለሁ ይላል። የመጀመሪያው ሥራ ዛሬ ሌላ ባለቤት አግኝቷል። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ከወጣ ወዲህ ፋይዳ የሰውን ማንነት በጣት አሻራና በዓይን አይሪስ ይመዘግባል። ስለ ጠባዩ ለመመስከርም ልጁን ለወራት በሥልጠናና በልምምድ ያየነው ባለሙያዎች፣ ሩቅ ከሚሠራ አጎቱ እንሻላለን።

የእኛ ምስክርነት ዋጋ እንዳለው የሚያሳይ ነገር በዚችው ከተማ ተገኝቷል። ግሩም አበበና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2021 ባሳተሙት ጥናት ሁለት ዓይነት ድጋፍ ሞክረዋል። ለአንዱ የአዲስ አበባ ሥራ ፈላጊ ቡድን መሐል ከተማ መጥቶ ሥራ የሚፈልግበት የትራንስፖርት ገንዘብ ተሰጠ። ሌላው የሥራ ማመልከቻ አጻጻፍና የቃለ መጠይቅ ሥልጠና ወሰደ፤ ችሎታውም ተፈትኖ የምስክር ወረቀት ተሰጠው። ከአራት ዓመት በኋላ የትራንስፖርቱ ውጤት ደብዝዞ ነበር፤ ሥልጠናና ምስክር ወረቀት ያገኙት ግን የተሻለ ገቢ ነበራቸው። ታክሲ ልጁን እስከ በሩ ያደርሰዋል። በሩን የሚያስከፍትለት ቀጣሪው የሚያምነው ሰው ስለ እሱ ሲናገርለት ነው።

ሁለተኛው ሥራ፣ የገንዘቡ ኃላፊነት፣ በአንድ ደመወዝተኛ ዘመድ ትከሻ ላይ ብቻ ማረፍ የለበትም። ሠራተኛ ገንዘብ ወይም ንብረት ቢያጎድል ጉዳቱን የሚሸፍን መድን በአገራችን አለ፤ ድርጅቶች ለገንዘብ ያዦቻቸው ይገዙታል። የከተማ አስተዳደሩ በሥራ ልምምድ ያለፉና በባለሙያ የተመሰከረላቸውን ወጣቶች በአንድ ጥቅል የዚህ መድን ተጠቃሚ ቢያደርጋቸው ምን ይከለክለዋል? ለአንድ ሰው የሚከብደው ዓረቦን ለብዙዎች በአንድ ላይ ሲገዛ ይቀንሳል። ጊዜውን በአንድ ዓመት እንገድበው፤ ዓመት ሙሉ በንጽሕና የሠራ ልጅ ከዚያ በኋላ የራሱ ታሪክ ይመሰክርለታል።

«የሕዝብ ገንዘብ ለሌባ መካሻ ሊሆን ነው» የሚል ይኖራል። ተገቢ ሥጋት ነው። ለዚህም ነው ከጉዳቱ የመጀመሪያውን ድርሻ ቀጣሪው ራሱ እንዲሸከም ማድረግ የሚያስፈልገው፤ ያን ጊዜ ቁጥጥሩን አያላላም። ያጎደለ ወጣትም በፋይዳ ቁጥሩ ተመዝግቦ ከፕሮግራሙ ይወጣል፤ በሕግም ይጠየቃል።

ደግሞስ መንግሥት ይህን መንገድ በብድር በኩል ሄዶበታል። በ2009 ዓ.ም. የ10 ቢሊዮን ብር የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ ሲያቋቁም ቤትና መኪና ያላቸውን ወጣቶች አስቦ አልነበረም። የብድርና ቁጠባ ተቋማት በቡድን ዋስትና ሲያበድሩ ኖረዋል። አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ደግሞ አርሶ አደሩ ከብቱን አስይዞ እንዲበደር በር ከፍቷል። ተደራጅቶ ለሚበደር ወጣት የዋስትናን ግድግዳ ዝቅ ያደረግን ሰዎች፣ ተቀጥሮ ላቡን ለሚሸጠው ወጣት ግድግዳውን እንደነበረ ትተንለታል። እኔ እንደማየው ደግሞ ሁሉም ልጅ ነጋዴ መሆን አይችልም፤ አይፈልግምም። አብዛኛው የሚመኘው ጠዋት የሚገባበትና በወር ደመወዝ የሚቀበልበት ቦታ ነው።

መድኑ እስኪመጣ ድረስ ግን ያለ በጀት ዛሬውኑ የሚስተካከል አንድ ነገር አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1922 ዋስትና በግልጽ መሰጠት እንዳለበት፣ ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ ገንዘብ ካልተጠቀሰም ዋስትናው እንደማይጸና ይደነግጋል። ልጆቻችን ይዘዋቸው የሚመጡ ብዙ ቅጾች ግን «ለሚያደርሰው ጉዳት ሁሉ» ብለው ያልፋሉ። ጎረቤት ቅጹን አንብቦ የሚሸሸው ልጁን ስለማያምን አይደለም፤ የዕዳው መጨረሻ ስለማይታየው ነው። መጠኑ የሦስት ወር ደመወዝ ነው ተብሎ ቢጻፍ የሚፈርመው ሰው ይበዛል፤ ሰነዱም ፍርድ ቤት ሲቀርብ ይቆማል። ቀጣሪውም ዋሱም ይጠቀማሉ።

ስለዚህ ከተማ አስተዳደሩን የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው፦ በሪፖርት ቅጻችን ላይ ዋስ አጥተው የተመለሱትን የምንመዘግብበት ዓምድ ይጨመርልን፤ ከመድን ድርጅቶች ጋርም ተነጋግሮ የጥቅል ዋስትናውን በጥቂት ወረዳዎች ይሞክረው። ቀጣሪዎች ሆይ፣ የዋስትና ቅጻችሁን ዛሬ አውጡና እዩት፤ የገንዘቡ ጣሪያ ካልተጻፈበት ጻፉበት። ደመወዝተኛ አንባቢም ጣሪያው የተጻፈበት ቅጽ ይዞ የጎረቤት ልጅ ደጅህ ከመጣ፣ ጠባዩን የምታውቀው ከሆነ፣ ፈርምለት።