ጅምሬን አትንኩብኝ!

በዚህች ከተማ ውስጥ ጅምር ያልሆነ ነገር ካገኛችሁ ጥሩኝ። ብረቱ አናቱ ላይ እንደተንጨባረረ ፀጉር ቆሞ ዓመታት የቆጠረ ፎቅ አለ። ኮንዶሚኒየም ደርሶት፣ ቁልፉን ተቀብሎ፣ ለፊኒሺንግ የሚሆን ብድር የሚያሳድድ ሰው አለ። ኮርሱን ሁሉ ጨርሶ የማስተርስ መመረቂያ ጽሑፉ ላይ የተቀመጠም አለ። ለእነዚህ ሁሉ ‹‹አይ፣ ኑሮው ነው እኮ›› እንላለን። ደጎች ነን። አንዲት ልጅ ግን ሶፋው ጥግ ላይ ሁለት ያላለቀ ዳንቴል አስቀምጣ ሦስተኛውን ስትጀምር ከታየች የቤቱ ሰው በሙሉ የግንባታ ተቆጣጣሪ ይሆናል። ‹‹ያኛውን ሳትጨርሺ?››

አዎ፣ ያኛውን ሳልጨርስ! ምን ይጠበስ?

እስቲ መጀመሪያ ሒሳቡን እንሥራ። ‹‹ጨርሺው›› ከሚሉት ሰዎች አብዛኞቹ ኪሮሽ ጨብጠው ስለማያውቁ ሒሳቡ አይገባቸውም። የአልጋ ልብስ ዳንቴል ብዙ ጊዜ ትናንሽ አበባዎች ለየብቻ ተሠርተው በኋላ የሚገጣጠሙበት ነው። የአንዱ አበባ ጎን 10 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል። 2 ሜትር በ2 ሜትር ከ40 ለሆነ የአልጋ ልብስ 20 በ24፣ ማለትም 480 አበባ ያስፈልጋል። በቀጭን ክር አንዱ አበባ አንድ ሰዓት ይፈጃል ብንል (እጇ የፈጠነ ትስቅብኝ ይሆናል፤ ትሳቅ!) 480 ሰዓት ነው። ከሥራ ተመልሳችሁ፣ እራት በልታችሁ፣ መብራትም ካለ፣ በቀን ሁለት ሰዓት ብትሠሩ 240 ምሽት። ስምንት ወር! ይህ እንግዲህ መገጣጠሙን፣ ዙሪያውን ዘርፍ ማውጣቱን፣ አጥቦ ወጥሮ ማድረቁን ሳይጨምር ነው። አሁን ንገሩኝ፣ 240 ምሽት ሙሉ ያችኑ አንዲት አበባ ብቻ የሚሠራ ሰው እየተዝናና ነው ወይስ የማታ ፈረቃ ገብቷል?

ብዙ መጀመር ስንፍና የሚመስለው ከሩቅ ለሚያይ ነው። ቀረብ ብሎ ላየው አሠራር ነው። ነጠላ አበባ ቦርሳ ውስጥ ይገባል፤ ጣት አንዴ ከለመደው ታክሲ ሰልፍ ላይም ይሠራል። ያው አበባ መቶ ሆኖ ሲገጣጠም ግን ከብዶ ጭን ላይ ይተኛል፤ ከቤት አይወጣም። የምስል ዳንቴል ደግሞ፣ ማለትም ረድፉ እየተቆጠረ ወፉ ወይም ጽዋው የሚወጣው፣ ጭንቅላት ንጹሕ ሲሆን፣ ለምሳሌ ቅዳሜ ጠዋት ነው የሚያዘው። ቴሌቪዥን ላይ ድራማ እየተከታተላችሁ ሞክሩትና የአንዷ ዘለላ ስሕተት ስንት ረድፍ እንደምታስተረትር እዩ። ስለዚህ ለታክሲ አንድ፣ ለድራማ አንድ፣ ለቅዳሜ አንድ። ሦስት ጅምር! ‹‹ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር ባንዱ ተንጠልጠል›› ብለው ያሳደጉን ራሳቸው አይደሉ እንዴ? ሦስተኛው ባላ ምን አጠፋ?

ይህ ጭቅጭቅ የእኛ ሰፈር ብቻ እንዳይመስላችሁ። አሜሪካኖች ጨርቅ እየቆራረጡና እየገጣጠሙ ብርድ ልብስ የሚሰፉበት ትልቅ ሙያ አላቸው። በእኛ ቋንቋ ደሪቶ ልንለው እንችላለን። ላዩ ቁርጥራጩ፣ መሃሉ ጥጥ፣ ሥሩ ሌላ ጨርቅ ሆኖ ሦስቱ አንድ ላይ ይጠቀጠቃል። መቁረጡ፣ መገጣጠሙ፣ መደራረቡ፣ መጠቅጠቁ፣ ጠርዙን መቀምቀሙ እያንዳንዱ ራሱን የቻለ ሥራ ስለሆነ ሰው በየደረጃው ቢቆም አይገርምም። እነዚያ ሴቶች ላላለቀው ሥራቸው ስም አውጥተውለታል፦ ዩኤፍኦ! ‹‹ያላለቀ ነገር›› የሚለው የእንግሊዝኛ ምሕጻረ ቃል ከማይታወቀው በራሪ አካል ጋር አንድ ዓይነት ስለሆነ ነው። ቁም ሣጥናቸው ውስጥ ስላለው እየቀለዱ ይኖራሉ። እኛ ግን በቀልድ ፋንታ ወቀሳ ነው የተረፈን።

ስለ ደሪቶ ከተነሣ፣ በእኛ አፍ ቃሉ የድህነት ስም ነው። ‹‹ደሪቶ ለባሽ›› ሲባል ሙገሳ አይደለም። አላባማ ውስጥ ግን ጂስ ቤንድ የምትባል የጥቁሮች መንደር አለች። እዚያ በባርነት የኖሩ ሰዎች የልጅ ልጆች የሆኑ ሴቶች ካረጀ የሥራ ልብስ ሳይቀር ደሪቶ እየሰፉ ልጆቻቸውን ከብርድ አዳኑ። ያ ደሪቶ በ2002 (እንደ ፈረንጆቹ) ሂውስተን በሚገኘው የሥነ ጥበብ ሙዚየም፣ ቀጥሎም ኒው ዮርክ ዊትኒ ሙዚየም ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። በ2006 የአሜሪካ ፖስታ ቴምብር ላይ ወጣ። ቀጥ ያለ መስመርና እኩል ማዕዘን የሚፈልግ ተቆጣጣሪ ቢያያቸው ኖሮ ‹‹ፍቺውና እንደገና ስፊው›› ይላቸው ነበር።

ከዚህም የባሰ ጅምር ልንገራችሁ። በጥቅምት 1987 (ይኸውም እንደ ፈረንጆቹ) ዋሽንግተን አደባባይ ላይ በኤድስ የሞቱ ሰዎች መታሰቢያ ደሪቶ ተዘረጋ። 1,920 ቁራጭ ነበረው። እያንዳንዱ ቁራጭ 90 ሴንቲ ሜትር በ180 ገደማ፣ የመቃብር ያህል ነው። ከዚያ ወዲህ እየተጨመረበት 50 ሺሕ ገደማ ደርሷል፤ አሁንም ይጨመርበታል። እስቲ ሂዱና ‹‹ይሄንን መቼ ነው የምትጨርሱት?›› በሏቸው።

ወደ ሰፈራችን እንመለስ። እውነቱን ለመናገር ‹‹ጨርሺው›› የሚለው ነገር ስለ ዳንቴሉ አይደለም። ዳንቴሉ ፈተና ወረቀት ነው። የጎረቤት እትዬዎች ቡና ላይ ቁጭ ብለው የልጅቷን ጅምር እያገላበጡ ‹‹አይ አንቺ ልጅ፣ በዚህ አያያዝሽ ትዳሩንም ጀምረሽ እንዳትተዪው›› ይላሉ። ይህን ቀልድ ነው ብላችሁ ልታልፉት ትችላላችሁ፤ እኔ አላልፈውም። ሃያ ምናምን ዓመት የሞላት፣ ስምንት ሰዓት ሠርታ የመጣች፣ ቤት ኪራይ የምታዋጣ ሰው ጠባይዋ በ71 የክር አበባ ይለካል። ወንድሟ አጠገቧ ተቀምጦ ፕሌይስቴሽኑን ሲጠቀጥቅ ያመሻል። እሱ ምን ጨረሰ? የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ እንደሆነ ግንቦት ላይ አልቆ ነሐሴ ላይ እንደገና ይጀመራል፤ ማንም ‹‹ያለፈውን ዓመት ሳታጣጥም?›› ብሎት አያውቅም። ለእሱ መዝናኛ ነው፣ ለእሷ ሙያ ነው፣ ሙያ ደግሞ ይታያል፣ ይመዘናል።

ሁለተኛዎቹ ተቆጣጣሪዎች ዘመናውያኑ ናቸው። እነዚህ ስለ ትዳር አያወሩም፤ ስለ ገቢ ነው የሚያወሩት። ‹‹ለምን አትሸጪውም? ቴሌግራም ላይ ገጽ ክፈቺ!›› እሺ፣ እንሽጠው። 480 ሰዓት ነው ብለናል። ለሰዓቱ 50 ብር ብቻ ብናስብ 24,000 ብር፣ የክሩ ዋጋ ሳይገባ። ገበያ ውስጥ በማሽን የተሠራው ተደርድሮ እያለ ይህን የሚከፍል ካለ አምጡልኝ። መሸጥ የምትፈልግ ትሽጥ፣ ይቅናት። ግን ያለችን አንዲት የማታ ሰዓት እንኳን ካልተሸጠች ዋጋ የላትም ማለት ምን የሚሉት ስስት ነው?

ክር የሚያከማቹትን ግን አልከላከልም። ቲክቶክ ላይ አንድ ቆንጆ ነገር ባየች ቁጥር ሮጣ አሥር ጥቅል ክር የምትገዛ፣ ዘለላ ሳትጥል ወደሚቀጥለው የምታልፍ ልጅ ዳንቴል ሠሪ ሳትሆን ገበያተኛ ናት። እና የሞተ ጅምርም አለ። ዓመት ሙሉ ስታልፉት ፊታችሁን የምታዞሩበት ከሆነ ተርትሩት! የእኛ ሙያ ከፈረንጆቹ ደሪቶ የሚሻልበት ነገር ይህ ነው። የተቆረጠ ጨርቅ ተመልሶ አይቀጥልም፤ ዳንቴል ግን ጫፉ ሲሳብ ተፈትቶ ክር ይሆናል። ታጥቦ ተወጥሮ ሲደርቅ መጠቅለሉ ይለቅቃል፣ ለሌላ ይሆናል።

በሕይወት ያለውን ስታስቀምጡ ደግሞ ከነኪሮሹ አስቀምጡ፤ ኪሮሹን ለሌላ ከፈለጋችሁት ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ውስጡ ክተቱ። በሌላ ቁጥር የቀጠላችሁት እንደሆነ አዲሶቹ አበባዎች ከድሮዎቹ ጋር አይገጥሙም። ክሩንም አስቀድማችሁ ሙሉውን ግዙ። ‹‹ያው ነጭ ነው›› ብሎ ነጋዴው ቢምልም፣ በሌላ ጊዜ የተነከረ ነጭ አልጋ ላይ ሲዘረጋ ይለያል።

እና በሚቀጥለው ጊዜ አንዱ መጥቶ ‹‹ይሄ ነገር መቼ ነው የሚያልቀው?›› ሲላችሁ አትቆጡ፣ አትሟገቱም። ኪሮሹንና ክሩን አቀብሉት። 480 ነው፤ 71 ተሠርቷል፤ 409 ይቀራል።