ከዓሣው ይልቅ ዓሣ አጥማጁ

በልደታ ማርያም ሰፈር የዓሣ ጥብስ አዝዞ የሚጠብቅ ሰው፣ በሐይቅ ዓሣ ደም ውስጥ ጥገኛ ተሕዋስያን እንደሚገኙ ቢነገረው ምግቡን መጠራጠሩ አይቀርም። ነገሩ እውነት ነው፤ ፍርሃቱ ግን ያለ ቦታው ነው።

ትሪፓኖሶማ የሚባሉት የዓሣ ደም ጥገኞች ያለ ማይክሮስኮፕ አይታዩም። ከዓሣ ወደ ዓሣ የሚያሸጋግራቸው አልቅት ነው እንጂ የምግብ ገበታ አይደለም፤ ሰውንም አይዙም። ከጥሬ ዓሣ ሌሎች ትሎች ሊተላለፉ ስለሚችሉ ግን በሚገባ አብስሎ መብላት ይበጃል።

ሰውን የሚይዘው የደም ጥገኛ ሌላ ነው፤ እርሱም ቢልሃርዝያ ነው። እጩ ከቀንድ አውጣ ወጥቶ በውሃ ውስጥ ከቆመው ሰው ቆዳ ዘልቆ ይገባል፤ አድጎም በደም ሥር ይኖራል። እንግዲህ በጣናና በዝዋይ ዳርቻ የሚያሰጋው ለበላተኛው ሳይሆን መረብ ለሚጎትተው ነው።

ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. በዓድዋ፣ ልብስ በእንዶድ ከሚታጠብበት ሥፍራ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማየታቸው የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ እንዶድ መጠኑ ሲበዛ ዓሣንም ይጎዳል። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ቢፈውስም፣ ታካሚው ወደዚያው ውሃ ሲመለስ እንደገና ሊያዝ ይችላል። የበሽታው እንቁላል ውሃ ውስጥ የሚደርሰው ከሰው ዓይነ ምድር ጋር ነውና፣ ሥሩ ያለው በመጸዳጃ ቤት እጦት ላይ ነው።

በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የሌማት ትሩፋት የዓሣንም ምርት ለማሳደግ ያስባል። ዕቅዱን የምትጽፉ ወጣት ሹማምንት ሆይ፣ ጀልባና መረብ ስትቆጥሩ የአጥማጁን ምርመራና በሐይቁ ዳር የሚሠራውን መጸዳጃ ቤት አብራችሁ እንድትቆጥሩ እናሳስባለን።