ዘሩስ ተመርምሯል?

ባለፈው ክረምት ሳንጃ፣ አክስቴ ዘንድ ሰንብቼ ነበር። የሙቀቱን ነገር ልተወውና አንድ ቀን ቡና ላይ የሰማሁትን ላውጋችሁ። አንዲት ጎረቤት አራት ዓመት በትዳር ኖራ ስላልወለደች ወደ እናቷ ቤት ተመልሳለች። «መሬቱ ዘር አልቀበል አለ» አሉ አንዲት እናት። «ባልየውስ ተመርምሯል?» አልኩ። አክስቴ ገላመጠችኝና «ወንድ ልጅ ደግሞ ምኑን ይመረመራል?» አለችኝ።

ሳንጃ እኮ የሰሊጥ አገር ነው! ሰሊጡ አልበቅል ያለው ገበሬ መሬቱን ብቻ አይረግምም፤ ዘሩንም ይጠረጥራል። ለሰሊጥ የምናውቀውን ለሰው ምነው ነፈግን?

ለነገሩ ምሳሌው ራሱ ስህተት ነው፤ ሴት መሬት አይደለችም። እኛ የተማርን ነን ባዮቹም ብንሆን በጭንቅላታችን ያለው ሥዕል ያው ነው፦ ስፐርሞች ይሽቀዳደማሉ፣ እንቁላሏ ተኝታ አሸናፊውን ትጠብቃለች። አሜሪካዊቷ አንትሮፖሎጂስት ኤሚሊ ማርቲን፣ የሳይንስ መጻሕፍት ሳይቀሩ ይህን የወንድ ጀግንነት ተረት እንደሚተርኩ የጻፈችው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው።

እውነቱ ሌላ ነው። ስፐርም ሴቷ አካል ውስጥ ሰዓታት ቆይቶ ካልተዘጋጀ ከእንቁላሏ ጋር መዋሃድ አይችልም። ከብዙ ሚሊዮኖቹ አጠገቧ የሚደርሱት ጥቂት መቶዎች ናቸው። እሷም ዝም አትልም፤ በዙሪያዋ ያሉ ሕዋሳት ፕሮጄስትሮን እየለቀቁ ይጣራሉ። እ.ኤ.አ. በ2020 የስቶክሆልምና የማንቸስተር ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ እንቁላሏን የሚከባት ፈሳሽ የአንዱን ወንድ ስፐርም ከሌላው አብልጦ ይስባል። የሚስበው ደግሞ ሁልጊዜ የባልየውን አይደለም!

ሲገናኙም መተዋወቅ አለ። ስፐርሙ ላይ «ኢዙሞ»፣ እንቁላሏ ላይ «ጁኖ» የሚባሉ ፕሮቲኖች ይያያዛሉ። ኢዙሞ (2005 እ.ኤ.አ.) በጃፓን የጋብቻ መቅደስ፣ ጁኖ (2014 እ.ኤ.አ.) በሮማውያን የጋብቻ አምላክ ስም ተሰየሙ። አንዱ ስፐርም ከገባ በኋላ እንቁላሏ ጁኖን አራግፋ ለሌሎቹ በሯን ትዘጋለች።

ታዲያ የሁለት ሰው ሥራ ሲሰናከል ጥፋቱ የሴቷ ብቻ የሚሆነው በየትኛው ሂሳብ ነው? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 እንዳለው ከስድስት ሰዎች አንዱ በዕድሜው ልጅ የማጣት ችግር ይገጥመዋል። መውለድ ካልቻሉት ጥንዶች በግማሽ ገደማዎቹ ደግሞ የወንዱ ችግር አለበት፤ ብቻውን ወይም ከሴቷ ጋር ተደምሮ። አዲስ አበባ፣ ጳውሎስ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2019 የመካንነት ሕክምና ማዕከል ከፍቷል። ነገር ግን ባልየው ከቤቱ ካልወጣ ማዕከሉ ምን ያደርጋል? የወንዱ የመጀመሪያ ምርመራ እኮ ቢላም መርፌም የለውም፤ በትንሽ ዕቃ ናሙና መስጠት ብቻ ነው።

ወንድሞቼ፣ ዘመድ አዝማድ «ሚስትህ ምን ሆነች?» ሲላችሁ «አብረን እየተመረመርን ነው» በሉ። ይህቺን አንዲት ዓረፍተ ነገር የሚላት ቢገኝ ኖሮ ያቺ የሳንጃ ልጅ ዛሬ ቤቷ ነበረች።